«ይሄ ደግሞ ምን ይጠቅማል?»

ይህቺ ጥያቄ ጠያቂዋን ብልህ ታስመስላለች። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ቸኩላ የምትጠየቅ ጥያቄ ናት ባይ ነኝ። ማስረጃዬን ከሰማይ ላምጣ (ዓመታቱ በፈረንጅ ናቸው)።

በከዋክብት መካከል ያለው ቦታ ባዶ አይደለም፤ እጅግ ስስ የጋዝ ደመናዎች አሉበት። የኮከብ ብርሃን በደመናው ሲያልፍ ሞለኪውሎቹ የየራሳቸውን ቀለም ያስቀራሉ፣ በብርሃኑም ላይ ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ። ዋልተር አዳምስ በማውንት ዊልሰን እነዚህን መስመሮች አነሳ። ካናዳዊው አንድሩ ማኬላር ደግሞ በ1941 ሲያሰላቸው፣ ካርቦንና ናይትሮጅን የተጣመሩበት ሞለኪውል በከፊል ከፍ ወዳለ የመሽከርከር ደረጃ መውጣቱን አየ። ከፍፁም ዜሮ 2.3 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ያለ ይመስላል።

በዚያ ብርድ ማን አሞቀው? ማንም አጥብቆ አልጠየቀም። በ1950 ጌርሃርድ ሄርዝበርግ የተባለው ሊቅ ቁጥሩ ትርጉሙ በጣም የተወሰነ መሆኑን በመጽሐፉ ጠቅሶ አለፈ። ማኬላር በ1960 አረፈ። በ1965 ፔንዚያስና ዊልሰን ከሰማይ ከየአቅጣጫው የሚመጣ የሬዲዮ ጨረር ማግኘታቸውን አሳወቁ። ከዩኒቨርስ ጅማሬ የተረፈ ሙቀት ነበር፤ ዛሬ 2.725 ዲግሪ ተብሎ ተለክቷል። ያቺን ሞለኪውል ያሞቃት እሱ ነው! ኖቤሉን በ1978 ሁለቱ ወሰዱ።

ሄርዝበርግ ተራ ሰው አልነበረም፤ እሱም በ1971 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። እሱን የሚያህል ሰው ካለፈው፣ እኛ «አይጠቅምም» ለማለት ምን ያጣድፈናል?

ዛሬ በነዚያው ደመናዎች የካርቦን ኢሶቶፖች ይቆጠራሉ። በፀሐይ ቤተሰብ ውስጥ ለአንድ ካርቦን-13 ወደ 89 ካርቦን-12 አለ፤ በአቅራቢያችን ባሉት ደመናዎች ግን ወደ 70 ገደማ ነው። ፀሐይ ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ስትወለድ የዘመኗን ድርሻ ይዛ ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ ያረጁ ከዋክብት ካርቦን-13 ወደ ጋዙ ሲጨምሩ ኖረዋል ተብሎ ይታመናል። «70 ሆነ 89 ለኔ ምኔ ነው?» የሚል አይጠፋም። የምንኖርበት ጋላክሲ እንዴት እንዳረጀ የሚነግረን ግን ይህ ልዩነት ነው።

ስለዚህ ለካውን ሰው ስለ ጥቅሙ ከማፋጠጣችን በፊት «በደንብ ለካህ ወይ?» ብንለው ይሻላል። ትርጉሙ 24 ዓመት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ያልተለካ ነገር ግን ተመልሰን የምናነበው የለውም።