ዓሣውንም እንደ ሥጋው እንጠይቅ

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን የሚሉት ስለ አጥንቱ ነው፤ የዓሣ አጥንት ጉሮሮ ላይ ከተሰካ ምሳውም ጨዋታውም ያበቃልና። እኔ ግን ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወላይታ ሶዶ ወርጄ በሰነበትሁባቸው ሦስት ቀናት፣ ብልሃቱ ከአጥንቱ አስቀድሞ፣ ዓሣው ገና ከመጥበሻው ሳይገባ መጀመር እንዳለበት ተማርሁ። የተማርሁትንም ለራሴ ብቻ ማስቀረት ንፉግነት ሆኖ ስለ ታየኝ፣ እንደ እኔ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ከከተማ ከተማ ለሚዘዋወሩ ወጣት ሠራተኞችና ተማሪዎች ላካፍል ወደድሁ።

ሶዶ ዛሬ ትንሽ ከተማ አይደለችም። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀምሮባታል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ከአዲስ አበባ በሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ፣ ከአርባ ምንጭና ከዳውሮ የሚመጡት መንገዶች እዚያ ይገናኛሉ። መንገድ በዛ፣ ስብሰባ በዛ፤ ስብሰባ ሲበዛም ምሳ ፈላጊው በዛ። በሁምቦ በኩል ቁልቁል ሲወረድ የአባያ ሐይቅ አለ፤ ሽቅብ ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ ድንች አለ። እንግዲህ እንግሊዞች «ፊሽ ኤንድ ቺፕስ» የሚሉት የተጠበሰ ዓሣ ከተጠበሰ ድንች ጋር ለመብላት ከሶዶ የተሻለ ምን ቦታ ይገኛል? ብዬ አሰብሁ።

በመጀመሪያው ቀን ፎቁና መስተዋቱ ደስ ያሰኘኝን አንድ ሆቴል መርጬ ገባሁ። ዓሣው ሲቀርብ ከላይ ወርቅ መስሎ ከውስጥ እንደ ራሰ ጥጥ የሚጨመቅ ሆነብኝ። አሳላፊውን ጠርቼ፣

«ወንድሜ፣ ይህ ዓሣ ከየት የመጣ ነው?» አልሁት።

«ከፍሪጅ ነው ጌታዬ» አለኝ በፍጹም ትሕትና።

አልዋሸም፤ እኔም ከዚያ ወዲያ የምጠይቀው አጣሁ። በሁለተኛው ቀን ወደ ሌላ ቤት ሄድሁ፤ እዚያ ደግሞ ሽታው ከሳሕኑ ቀድሞ ደረሰ። ሒሳቡን ከፍዬ ዳቦ በሻይ በላሁ። ለባልደረባዬ ብነግረው ሳቀና፣ «ወላይታ መጥቶ ዓሣ የሚበላ ምን ዓይነት ሰው ነው? ና ቁርጥ ላብላህ» ብሎ ይዞኝ ሄደ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ነገሩ የተገለጠልኝ እዚያ ሥጋ ቤት ነው። ባልደረባዬ ገና እንደ ገባ አልተቀመጠም። ወደ ተሰቀለው ሥጋ ቀረበ፤ አገላብጦ አየ፤ መቼ እንደ ታረደ ጠየቀ፤ «ከዚህ፣ ከዚህች በኩል» እያለ በጣቱ አመለከተ። ሥጋ ቆራጩም አልተቈጣም፤ እንዲያውም ዐዋቂ ገበያተኛ ስላገኘ ደስ ያለው ይመስል ነበር። በዝንጅብሉ፣ በነጭ ሽንኩርቱና በበርበሬው የሚያቃጥለው የወላይታ ዳታ ቀረበና በላን። የወላይታ ቁርጥ ስሙ በአገሩ ሁሉ የተጠራው በሬው ስለ ሰባ ብቻ አይደለም፤ በላተኛው ስለሚጠይቅም ነው። ትናንት የታረደውን «የዛሬ ነው» ብሎ ማቅረብ እዚያ አገር አያዋጣም። ይኸው ሰው ግን ዓሣ ሲያዝዝ ጀርባውን ለኩሽናው ሰጥቶ ይቀመጣል፤ የመጣለትንም ይበላል።

በሦስተኛው ቀን፣ ትምህርቴን ይዤ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች አንዲት ጠባብ ቤት ገባሁ። ባለቤቲቱን፣ «እትዬ፣ ዓሣውን ሳይጠበስ ልየው?» አልኋቸው። «እይ እንጂ ልጄ፤ ጉንጩንም ገልጠህ እይ» አሉኝ። ዐይኑ ጎላ ብሎ ያበራል፤ በጉንጩ ሥር ያለው መተንፈሻው ቀይ ነው፤ ሥጋውን በጣቴ ብጫነው መልሶ ይነሣል። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለውን ተረት ለሹማምንት ስንጠቅስ ስለ ኖርን፣ መጀመሪያ የተነገረው ለዓሣው መሆኑን ረስተነዋል። ቆሮሶውን ጎንና ጎኑን ተልትለው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ዱቄት ነስንሰው በጋለ ዘይት ጠበሱልኝ። ድንቹንም ሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ በለዘብታ፣ ኋላ በጋለው ዘይት አወጡት። ከዳታው ጋር ስበላው የእንግሊዞቹ ኮምጣጤ አላማረኝም።

ስሰናበታቸው ግን አንድ ነገር ነገሩኝ። «ጠዋት የመጣውን እስከ ምሳ ካልሸጥሁ ይከስረኛል፤ በረዶ የለኝም።» ነገሩ ሁሉ ከዚህ ላይ ነው። መረቡ ማታ ይጣላል፤ ሌሊቱን ያድራል፤ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ዓሣው ከመረቡ ሲወጣ ከሞተ ሰዓታት ሊሆነው ይችላል። የቆላው ፀሐይ ሲጨመርበት ደግሞ ያለ በረዶ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ አጥማጁ በተጠየቀው ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል፤ የተረፈውም ዋጋ ያጣል፤ እኛም ዘግይቶ ፍሪጅ የገባውን እንበላለን።

እንግሊዞችን ያየን እንደ ሆነ፣ በለንደን ዓሣና ድንች አንድ ላይ መሸጥ የተጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 ገደማ ነው። ምግቡ የወዛደሩ ሕዝብ ምሳና እራት እስከ መሆን የደረሰው ጥበቡ ከዘይቱ ስለ ነበረ አይደለም። በበረዶ የታሸገውን ዓሣ ከወደብ አንሥቶ ወደ መካከለኛው አገር የሚያደርስ ባቡር ስለ ነበራቸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥጋና ቅቤ በራሽን ሲታደል ዓሣና ድንች ከራሽን ውጭ ነበሩ። እኛ አስፋልቱ አለን፤ ሐይቁ አለን፤ የጎደለን በሐይቁ ዳር የሚገኝ በረዶና የሚጠይቅ በላተኛ ነው።

«በረዶውን ማን ያምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። የማኅበራትና የከተማው አስተዳደር ድርሻ መሆኑ ግልጥ ነው፤ ይህን የምታነቡ ወጣት ሹማምንትም ነገ በዚያው ወንበር የምትቀመጡ ናችሁ። ነገር ግን ገዢው ዝም ካለ ሻጩ በረዶ ለመግዛት ምን ያስገድደዋል? ፎቁን አይቶ የሚገባና ሳይጠይቅ የሚከፍል ደንበኛ የዋዛውን ሆቴል ያበለጽጋል፤ ጠባቧን ንጹሕ ቤት ግን ያዘጋል። መዳፍ የማታህል ዓሣ ስትቀርብልንም «ይህች ገና ሳትራባ ለምን ተያዘች?» ማለት ይገባናል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ አዋጁን ሐይቁ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ባይኖር እንኳ ከገበታው ላይ ሆኖ መጠበቅ ይቻላል።

መጠየቅ ነውር የሚመስለን የተማርን ሰዎች ጥቂት አይደለንም። በትምህርት ቤት መምህሩን፣ በመሥሪያ ቤት አለቃውን መጠየቅ የፈራ ሰው ኩሽናውንም ይፈራል። የወላይታ ሰው ግን ሥጋ ቤት ገብቶ ሲጠይቅ ሻጩን አላዋረደም፤ አሠለጠነው እንጂ። ስለዚህ ነገ ሶዶ፣ ወይም ሐዋሳ፣ ወይም ባሕር ዳር ስትወርዱ፣ የሆቴሉን ፎቅ ከመቍጠር በፊት ተነሥታችሁ የዓሣውን ጉንጭ ገልጣችሁ እዩ።