የውሰት ማንነት

ኅዳር 29 ሲቃረብ የትምህርት ቤቶቻችን ዋና ጭንቀት ማን ምን ይልበስ የሚለው ነው። ሕፃናቱ ይደለደላሉ፤ አንዷ አፋር፣ አንዱ ኮንሶ፣ ሌላው ሐረሪ። እናት ልብስ ፍለጋ ጎረቤት ታንኳኳለች፣ ይጨፈራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በማግሥቱ ልብሱ ለባለቤቱ ይመለሳል። ልጆቹ ማንነታቸውን እንዳወቁ ለወረዳ ሪፖርት ይጻፋል። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርት ቤት የሚገባው በዚህ መልኩ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ የሰው ልብስ ለብሶ ስለ ራሱ ምን እንደሚማር አይገባኝም።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። የከሚሴ ልጅ በአፋን ኦሮሞ፣ የሰቆጣ ልጅ በኽምጣና መማር የቻለው በዚያ ነው። ግን ማንነት ማለት ቋንቋ ነው ብለን እዚያው ላይ ቆምን። የወረኢሉ ልጅ በአማርኛ ከተማረ ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው።

ጉዳዩ እንዳልተዘጋ ለማየት እስቲ የዚያን ልጅ መምህር የስም መጥሪያ እንየው። ልጁ ሰይድ፣ አባቱ ገብሬ፣ አያቱ ሙሐመድ ቢሆኑ በደቡብ ወሎ ብርቅ አይደለም። የስሙ ቅይጥ በአንዱ ቤት በጋብቻ፣ በሌላው በእምነት ለውጥ የመጣ ነው፤ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአዋጅ የተጠመቁም አሉበት። ኋላ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እንኳ ቀድሞ ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ። ይህን ሁሉ ታሪክ በስሙ ተሸክሞ ክፍል የገባውን ልጅ “አያትህ ለምን ሙሐመድ ተባሉ?” ብሎ የሚጠይቀው አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ነው፤ እየሳቀ። መምህሩ “ዝም በሉ!” ብሎ ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል።

ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ነው፣ ሕገ መንግሥቱም ይላል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ማንም ይሰበክ አላለም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ (በአንድ ዕድር ማለት ነው) ድንኳን ሲተክሉ፣ አብረው ቀብር ሲወጡ ልጁ ያየውን ክፍል ውስጥ ቢያወራ ምኑ ስብከት ነው? መምህሩ ካልጠየቀው ነገ ፌስቡክ ይጠይቀዋል። ፌስቡክ ደግሞ ሦስት ስም አይወድም፤ አንዱን ምረጥ ነው የሚለው።

ለዚህ ዓይነት ትምህርት በጀት የለም እንደሚባል አውቃለሁ። የሰይድን አያት አንድ ጠዋት ክፍል ጋብዞ ስለ ስማቸው ማስወራት ግን የአንድ ቀሚስ ኪራይ አያወጣም።