ራዲዮውን የሚያበላሸው አቧራው ነው ወይስ ጨርቁ?

ንጽሕና መልካም ነገር መሆኑን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ከልጅነታችን ጀምሮ በቤትም በትምህርት ቤትም ሲነገረን የኖረ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ ንጽሕና ጥቅም ብዙ ለመጻፍ አላሰብሁም። ለማሳሰብ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ማጽዳት ራሱ ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ነው። በቤታችን ውስጥ ያሉት የድምፅ መሣሪያዎች፥ ማለት ራዲዮ፥ ቴፕ፥ የሸክላ ማጫወቻ፥ አምፕሊፋየርና ስፒከር፥ ብዙውን ጊዜ መልካቸው የሚጠፋው አቧራ ስለ ተኛባቸው ሳይሆን በማይሆን ነገር ስለ ተጠረጉ ነው ብዬ አምናለሁ። አቧራ ተኝቶ ቢከርምም ባወቀ እጅ ይነሣል። የተፋቀ ቀለምና የሟሟ ቫርኒሽ ግን በምንም ዐይነት ጨርቅ አይመለስም።

በዓል ሲቃረብ በየቤቱ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መጋረጃው ይወርዳል፤ የሸረሪት ድር ይጠረጋል፤ ወለሉ ይታጠባል፤ ብርጭቆው ይወለወላል። በመጨረሻም ወለሉን ያጠበው ያው ጨርቅ ተጨምቆ፥ ዳንቴሉ ተነሥቶ፥ ወደ ራዲዮው ይሻገራል። ዕድፉ እንቢ ያለ እንደ ሆነ ኦሞ ይጨመርበታል፤ አሁንም እንቢ ካለ በረኪና ይመጣል፤ ከዚያም አልኮል ይከተላል። ዕድፉ በመጨረሻ ይለቃል፤ ነገር ግን የጣቢያዎቹ ስምና በቁልፎቹ አጠገብ ያለው ጽሕፈት አብሮት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሚያጎላው ቁልፍ የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው የቤቱ ሰው ብቻ ይሆናል። አባቶቻችን «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ያሉት ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ለአንድ አሮጌ ዕቃ ነውን?» ይል ይሆናል። ዕቃዎቹ ግን እንዲህ የሚናቁ አይደሉም። አቶ አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅታቸውን በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ካቋቋሙ በኋላ የወጡ ሸክላዎች እስከ ዛሬ ከነማጫወቻቸው የተቀመጡባቸው ቤቶች አሉ። የፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ካሴትን ካስተዋወቀ ወዲህ የመጣው ቴፕም ቢሆን፥ በብዙ ቤት አባት ወይም አያት ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዙት የቤት ቅርስ ነው። ዛሬ የእነዚህን ዕቃዎች ክዳን፥ ቁልፍ ወይም የጣቢያ መስተዋት ለመተካት የፈለገ ሰው እንደ ልቡ አያገኝም። ስለዚህ ያለውን በደኅና መያዝ ከመግዛት ይልቅ ይቀላል።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት መሣሪያ ሁሉ አንድ ዐይነት ቆዳ የሌለው መሆኑ ነው። በድሮ የእንጨት ራዲዮና ግራሞፎን ላይ የሚያበራው ልባስ ብዙ ጊዜ ሼላክ የተባለው ሙጫ ነው። ሼላክ በሕንድና በታይላንድ አገር በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከምትኖር አንዲት ትንሽ ተባይ የሚገኝ ሲሆን፥ አናጢው በእንጨቱ ላይ የሚቀባው በአልኮል አሟሙቶ ነው። እንግዲህ ይህን ልባስ በአልኮል የሚጠርግ ሰው አናጢው የሠራውን መልሶ ያፈርሳል ማለት ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የጥንት ሸክላዎችም በአብዛኛው ከዚሁ ሙጫ የተሠሩ ናቸውና አልኮል ፈጽሞ ሊነካቸው አይገባም።

የሸክላ ማጫወቻው ክዳን ደግሞ መስተዋት ቢመስልም ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ የተባለ ፕላስቲክ ነው። አልኮልና አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ ሲነካው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል። የአሉሚኒየም ፊት ያለው አምፕሊፋየር በበረኪናና በሌላም ኀይለኛ የማጽጃ ፈሳሽ መልኩ ይበላል፤ በሽቦ ቢፈተግም ይጫጫራል። በድሮ ራዲዮ መስተዋት ላይ የምናነበው የከተሞችና የጣቢያዎች ስም ብዙ ጊዜ የተጻፈው በመስተዋቱ ጀርባ ስለ ሆነ፥ መስተዋቱ የተፈታ እንደ ሆነ ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ መንካት ጽሕፈቱን እንደ ማጥፋት ይቈጠራል። በአዳዲስ መሣሪያዎች ላይ የሚታየው ለስላሳ ጎማ መሰል ልባስ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የሚያጣብቅ ሲሆን፥ ሰው ዕድፍ መስሎት ይፈትገዋል። ነገር ግን ልባሱ ራሱ በዕድሜና በእርጥበት የፈረሰ ስለ ሆነ፥ መፈተግ ወደ ቀድሞው መልኩ አይመልሰውም።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት የአቧራ ጠባይ ነው። አቧራ ለስላሳ ቢመስልም በውስጡ የአሸዋ ቅንጣት አለበት። በትምህርት እንደምናውቀው የአሸዋ ዋና ክፍል የሆነው ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ደረጃ ላይ ይገኛል፤ ቫርኒሽና ፕላስቲክ ግን ከእርሱ እጅግ የለሰለሱ ናቸው። አቧራውን ሳያራግፉ በጨርቅ መፈተግ ማለት ዕቃውን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መሞረድ ነው። በዚህ ላይ ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጤስበት ቤት ጢሱ የሚያጣብቅ ስስ ልባስ ሆኖ በመሣሪያው ላይ ይቀመጣል፤ አቧራውም ከእርሱ ጋር ይያያዛል። በደረቅ ጨርቅ እንቢ የሚለው ዕድፍ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እንግዲህ እኔ ትክክለኛ መስሎ የሚታየኝ የአጠራረግ ሥርዓት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ መሣሪያው ከሶኬት ይነቀል፤ እስኪቀዘቅዝም ይቆይ። ክዳኑን ፈትቶ ውስጡን ለመጥረግ መሞከር ግን አይገባም። በአምፖል የሚሠራ የድሮ ራዲዮ በውስጡ ከ200 ቮልት በላይ ሊኖረው ይችላል፤ ከተነቀለም በኋላ ኮንደንሰር የተባለው ክፍል ኤሌክትሪኩን ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ለሕይወት ያሰጋል። ውስጡ የባለሞያ ድርሻ ነው።

ሁለተኛ፥ አቧራው ለስላሳ በሆነና ቀለም ባልነካው የቀለም ብሩሽ ከላይ ወደ ታች በደረቁ ይነሣ። የስፒከሩ ጨርቅም በዚሁ ብሩሽ ይራገፍ፤ በውስጥ ያለው የወረቀት ልሳን ግን በጣት አይነካ።

ሦስተኛ፥ ዕድፍ የቀረ እንደ ሆነ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመር። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተነክሮ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ይጨመቅና በቀስታ ይጠረግበት። የሚረጥበው ጨርቁ እንጂ መሣሪያው አይደለም። በመሣሪያው ላይ የተረጨ ፈሳሽ በአየር ቀዳዳዎቹና በቁልፎቹ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል። ከሳሙናው በኋላ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ፥ ቀጥሎም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። አሉሚኒየሙ ቀጫጭን መሥመሮች ካሉት ጨርቁ በመሥመሮቹ አቅጣጫ ይሂድ እንጂ አያቋርጣቸው። የዕጣን ጢስ ያጣበቀው ዕድፍ በአንድ ጊዜ ላይለቅ ይችላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ እንጂ ጉልበት መጨመር አይበጅም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አራተኛ፥ ማንኛውም አዲስ ፈሳሽ አስቀድሞ በመሣሪያው ጀርባ ወይም ሥር፥ ዐይን በማያየው ስፍራ፥ በጥጥ ተነክሮ ይሞከር። ጥጡ ቀለም ከያዘ ወይም ስፍራው ከደበዘዘ ፈሳሹ የዚያ ዕቃ ወዳጅ አይደለም።

አምስተኛ፥ አልኮል ቦታው ውጫዊው ልባስ ሳይሆን የቴፑ የብረት ራስ ነው። ካሴቱ የሚነበብበት ይህ ክፍል አልኮል በነካ ጥጥ ተጠርጎ እስኪደርቅ ይቆያል። የሸክላ ማጫወቻው መርፌ ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት በለስላሳ ብሩሽ ይነካል፤ ሸክላውም የሚጠረገው መሥመሮቹን ተከትሎ በዙሪያ ነው።

ስለ በረኪና አንድ ነገር ልጨምር። በረኪና አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ወይም ከአሲድ ጋር የተቀላቀለ እንደ ሆነ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። «አንዱ ባይሆን ሁለቱ ተደባልቀው ያለቁት» የሚል ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይጎዳል።

አንዳንዶች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ድካም በዳንቴል መሸፈን ይሻላል ይላሉ። ዳንቴል ለመሣሪያው ጌጥ ነው፤ አቧራም በጥቂቱ ይከለክላል። ነገር ግን መሣሪያው በሚጫወትበት ጊዜ ሙቀቱ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች የሸፈነ እንደ ሆነ ዕቃውን ስለሚያግለው፥ ሲጫወት ይነሣ፥ ሲዘጋ ይመለስ እላለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው በየሳምንቱ አቧራውን በብሩሽ ማራገፍና መሣሪያውን ቡና ከሚቆላበት ስፍራ ራቅ አድርጎ ማኖር ነው። እንዲህ የተያዘ ዕቃ ፈሳሽ የሚያስፈልገው ጥቂት ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳነሣሣኝ ዋና ነገር እመጣለሁ። በሰፈራችን በአንድ ቤት የምታገለግል ልጅ «የሸክላ ማጫወቻውን ክዳን እንደ መስተዋት እስኪያበራ ጥረጊው» ተብላ ታዘዘች። የተሰጣትም የመስኮት ማጽጃ ነበር። ልጅቱ የታዘዘችውን በትጋት ፈጸመች። ክዳኑ ተሰነጣጥቆ በታየ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእርስዋ ተባለና ከደመወዝዋ ተቆረጠባት። ፈሳሹን የገዛው ሌላ፥ ትእዛዙን የሰጠው ሌላ፥ ዕዳውን የከፈለችው ግን እርስዋ ሆነች። ይህ ፍርድ ትክክለኛ ነውን? በእኔ አስተያየት አይደለም። ሳያስተምር ያዘዘ ሰው ለደረሰው ጉዳት ኀላፊው እርሱ ነው። እጅ የሚሠራው የተነገረውን ነውና፥ ያልተነገረውን አላወቀም ተብሎ ሊቀጣ አይገባም።

ደግሞስ የማጽዳት ሥራ ለምን ለቤት ሠራተኛና ለሴት ልጆች ብቻ ይተዋል? ሙዚቃ ሲሰማ ቁልፉን ለመጠምዘዝ የሚሽቀዳደሙ ወንዶች ልጆች በጽዳት ቀን ኳስ ሜዳ ይገኛሉ። በመሣሪያው የሚጠቀም ሰው መሣሪያውን ቢጠርግ ፍርድ ነው። እንዲያውም ዕቃውን ስለሚወድደው ከሌላው ይልቅ ይጠነቀቅለታል።

ይህ ነገር ትምህርት ቤታችንንም ይመለከታል። የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ማይክሮፎን፥ አምፕሊፋየርና ስፒከር አለው፤ በየቀኑም ብዙ እጅና ብዙ አፍ ይነካቸዋል። በ2020 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የኮሮና በሽታ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ ሳኒታይዘር ባገኙት ዕቃ ሁሉ ላይ መርጨት በየስፍራው የተለመደ ነገር ሆኖ ነበር። ለእጅ የሚሠራው ሳኒታይዘር በሽታ ለመከላከል ቢያንስ ከመቶ 60 እጅ አልኮል ሊኖረው ይገባል። ለእጅ የሚበጀው ግን ለቀለምና ለፕላስቲክ ይበጃል ማለት አይደለም። የማይክሮፎኑ የሽቦ ወንፊት የሚፈታ ከሆነ፥ እርሱ ብቻ ተፈትቶ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ፥ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ መመለስ ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፥ በኬሚስትሪ ክፍል ስለ አሟሚ ፈሳሾች ስንማር መምህራኖቻችን ከቤታችን ዕቃዎች ምሳሌ ቢሰጡን ትምህርቱ በልባችን ይቀራል። አልኮል ሼላክን ለምን እንደሚያሟሟ የተረዳ ተማሪ በፈተና ብቻ ሳይሆን በቤቱም ያልፋል። ሁለተኛው፥ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ከላይ የዘረዘርኋቸውን አምስት ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፎ በመሣሪያዎቹ አጠገብ ቢለጥፍ፥ እኛም እየገለበጥን ወደየቤታችን ብንወስድ፥ ወጪው የአንድ ወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ማንበብና ማሳየት የእኛ የተማሪዎች ግዴታ ነው።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፥ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ከመፈተግም ማወቅ ይቅደም። በሚመጣው በዓል ዋዜማ ዳንቴሉን የሚያነሣው እጅ የማንም ይሁን የማን፥ ከጎኑ ቆማችሁ ብሩሹን አስቀድማችሁ አቀብሉት፤ በረኪናውንም ወደ ወለሉ መልሱት።