የሊኑክስ ቀን መቁጠሪያና የነጋዴው ሁለት ዘመን አቆጣጠር

ማናቸውም አስመጪና ላኪ እንደሚያውቀው፥ በአዲስ አበባ ያለ የንግድ ቤት በሁለት ዘመን አቆጣጠር የሚተዳደር ነው። የውጭ አገር ባንክ የሌተር ኦፍ ክሬዲትን ማብቂያ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ይጽፋል። የኪራይ ውል፥ የሠራተኛ ደመወዝና ግብር ግን በመስከረምና በጥቅምት ይቈጠራሉ፤ የበጀቱም ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይገባል።

ሊኑክስ የፈቃድ ዋጋ ስለማይጠየቅበት ብዙ ወጪ ያድናል። ይሁን እንጂ በጽሕፈት ቤታቸው ያስገቡትን ነጋዴዎች በቀን መቁጠሪያው በኩል ያሳዝናቸዋል። ግኖም ካሌንደርም ሆነ ኢቮሉሽን፥ ተንደርበርድም ቢሆን፥ ተደጋጋሚ ቀጠሮ የሚይዙት በአውሮፓ ወር ብቻ ነው።

ወር በባተ በ1 ቀን ኪራይ የሚከፍል ባለሱቅ አለ እንበል። የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን በሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ስለ ዋለ፥ ጸሐፊው «በየወሩ በ11» ብሎ ይመዘግባል። ጥቅምት 1 ቀንም በኦክቶበር 11 ይውላልና ስሕተቱ አይታይም። ኅዳር 1 ግን በኖቬምበር 10፥ ጥር 1 በጃንዩወሪ 9፥ ነሐሴ 1 በኦገስት 7 ይውላል፤ ኮምፒዩተሩ በ11 ሲያስታውስ ቀኑ ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል። የብድር ክፍያ ቢሆን ኖሮ መዘዙ ከአከራይ ቍጣ የከፋ በሆነ ነበር። «በየ30 ቀኑ» ብሎ መመዝገብም አያድንም፤ ከነሐሴ በኋላ ያለው ክፍያ መስከረም 1 መሆኑ ቀርቶ ጳጉሜን 1 ላይ ያርፋል። «በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11» ያለውም በ2020 ዓ.ም. ይሳሳታል፤ የዚያ ዓመት መስከረም 1 ቀን በሴፕቴምበር 12 ነውና።

የሚያስገርመው፥ መፍትሔው ከተጻፈ ቈይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አርኤፍሲ 7529 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ ቀጠሮ በሌላ ሕዝብ ዘመን አቆጣጠር እንዲደጋገም ይፈቅዳል፤ አሥራ ሦስተኛዋን የኢትዮጵያ ወርም በምሳሌነት ጠቅሷል። ኢቮሉሽን የሚገለገልበት ሊብአይካል የተባለው የፕሮግራም ክፍልም፥ አይሲዩ ከሚባለው ጋር ሲሠራ፥ ይህን ስሌት ያውቃል። የጐደለው ጸሐፊው «በኢትዮጵያ ወር» ብሎ የሚመርጥበት ቦታ በመስኮቱ ላይ አለመኖሩ ነው። ቀኑን ለውጦ የሚያሳይ ጭማሪ ቢገኝም ማሳየት ማስታወስ አይደለም። የኬዲኢ አራተኛው እትም የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከምርጫዎቹ መካከል ይዞት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ፕላዝማ 5 ሲወጣ ግን ተረስቶ ቀረ። ጥያቄ የሚያቀርብ ደንበኛ ስላልነበረ ማን ያስታውሰው!

የሊኑክስ ተጠቃሚ ቅሬታውን የሚያሰማው ሻጭ የለውም፤ በአንጻሩ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ማንም ባለሙያ ሊያሻሽለው ይችላል። ስለዚህ ጥቂት የንግድ ቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ አገር በቀል የፕሮግራም ባለሙያ ቢቀጥሩ፥ እርሱም ያንን የምርጫ ቦታ ሠርቶ ለኢቮሉሽን አዘጋጆች ቢያቀርብ፥ ነጋዴው ሌላውን ከመጠበቅ ይድናል። ወጪው በአንድ ቤት ላይ ከባድ፥ በአሥር ቤት ላይ ግን ቀላል ነው። እስከዚያው ድረስ ጸሐፊዎች በየመስከረሙ የዓመቱን አሥራ ሁለት የክፍያ ቀኖች አንድ በአንድ፥ ያለ ድግግሞሽ ትእዛዝ፥ ቢመዘግቡ ይሻላል።