ሽንት ቤቱን የሚያጥበው ማን ነው?

ስለ አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ የማያወራ የከተማ ልጅ የለም። ምንጫችን ሁለት ነው፤ ፊልምና ዜና። ፊልሙ ጥቁር መነጽር ያደረገ ፓይለት፣ ጭስና ስትፈተለክ የምትሄድ ጄት ያሳየናል። ዜናው ደግሞ «አሜሪካ መርከቧን ወደ ቀይ ባሕር ላከች» ይለናል፤ ከዚያ ካፌው ሁሉ የጦር ኮሌጅ ይሆናል። ስንት ቶን ትመዝናለች? ስንት ጄት ትጭናለች? ማንን ትመታለች? ሁሉም ጄኔራል ነው፤ ተራ ወታደር የለም። እኛ ግን ዛሬ ጄኔራሎቹን ይቅርታ ጠይቀን አንዲት የተራ ወታደር ጥያቄ እናነሳለን፦ እዚያች መርከብ ላይ ሽንት ቤቱን የሚያጥበው ማን ነው?

እየቀለድን አይደለም። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልን።) በ2020 የአሜሪካ ኮንግረስ ኦዲተር መሥሪያ ቤት አንድ ሪፖርት አወጣ። 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰባት «ጄራልድ ፎርድ» የምትባለው መርከብ የሽንት ቤት ቧንቧዎቿ እየተደፈኑ ስላስቸገሩ በየጊዜው በአሲድ መታጠብ አለባቸው፤ አንዱ እጥበት ብቻ 400 ሺህ ዶላር ይፈጃል ይላል። የመንገደኞች አውሮፕላን ሽንት ቤት ዓይነት አሠራር ነው ከ4 ሺህ በላይ ሰው ለሚኖርባት መርከብ የተገጠመው። አያችሁ? ጄት አስወንጭፋ የምታበር መርከብ ሽንት ቤት አቃታት። ትልልቅ ነገሮች ሁሌም የሚፈተኑት ከታች በኩል ነው።

እስቲ ከተማዋን እንያት። ከተማ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። «ኒሚትዝ» በሚባለው ዝርያ ውስጥ ያሉት መርከቦች እያንዳንዳቸው 333 ሜትር ገደማ ይረዝማሉ፤ አብራሪዎቹና የአውሮፕላን ሠራተኞቹ ሲሳፈሩ 5 ሺህ ያህል ሰው ይይዛሉ። ሁለት የኒውክሌር ማብላያዎች አሏቸው፤ በ50 ዓመት ዕድሜያቸው ነዳጅ የሚቀየርላቸው አንድ ጊዜ፣ እኩሌታው ላይ ነው። የባሕሩን ውኃ አጣርተው ለመጠጥ ያደርሳሉ። ሆስፒታል፣ ጥርስ ሐኪም፣ ፖስታ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጸሎት ቤት ሁሉ አለ። ቀበሌ ብቻ ነው የቀራቸው! ወጥ ቤቱ በቀን ከ15 ሺህ በላይ ሰሃን ምግብ ያወጣል፤ የሌሊት ፈረቃ ስላለ እኩለ ሌሊት ላይም ማዕድ ይቀርባል። አዲስ ገቢ መርከበኛ ሙያው ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ ለወራት ወጥ ቤት ተመድቦ ሰሃን ሊያጥብ ይችላል።

የዚህች ከተማ ነዋሪ ማን ነው? ዕድሜውን ብትጠይቁ የእኛው እኩያ ነው፤ ብዙው እንዲያውም ከእኛ ያንሳል። ትናንት ከሃይስኩል የወጣ የ19 ዓመት ልጅ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የወጣበትን ጄት በትራክተር ይጎትታል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ቦምብ ይጭናል።

ሜዳው ላይ ሁሉም በሸሚዝ ቀለም ይታወቃል፤ የሞተሩ ጩኸት አያነጋግርማ! ቢጫ የለበሰው አውሮፕላኖቹን በእጅ ምልክት ይመራል። ወይን ጠጅ የለበሰው ነዳጅ ነው። ቀይ ለባሹ ቦምብና ሚሳኤል፣ እንዲሁም የእሳት አደጋ ነው። አረንጓዴው ጄቱን የሚያስወነጭፈውንና ሲያርፍ ይዞ የሚያስቆመውን መሣሪያ ይይዛል። ነጩ የደኅንነት ተቆጣጣሪና ሐኪም ነው። ሰማያዊው አውሮፕላን ይገፋል፣ ያስራል፤ ቡኒው እያንዳንዷን ጄት እንደ ልጁ እየጠረገ ለፓይለቱ ያስረክባል። የእንፋሎቱ ወንጭፍ ጄቱን በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ከዜሮ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሆነ ፍጥነት ያደርሰዋል። ሲመለስ ደግሞ ከጭራው ሥር ባለ መንጠቆ ወለሉ ላይ የተዘረጋ የብረት ገመድ ይይዝና ቀጥ ይላል።

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ፤ እኛ ከሁሉም የምንወደው እሱን ነው። መርከበኞቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ አቀርቅረው ይሄዳሉ። ምን ይፈልጋሉ? ብሎን፣ ጠጠር፣ የሽቦ ቁራጭ። አንዲት ብሎን ሞተር ውስጥ ከተሳበች ጄቱም ሰውዬውም ሊጠፉ ይችላሉ። የዓለም ኃያሉ የጦር መሣሪያ ህልውናው የተንጠለጠለው አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ ብሎን በማንሳቱ ላይ ነው።

ሥራው 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። እንቅልፉ ሦስት ፎቅ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው፤ በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው፣ ግላዊ ሕይወት ማለት አንዲት መጋረጃ ሆና፣ ከጣሪያው በላይ ጄት እየተጋጨ የሚያርፍ እስኪመስል። ቢራ የለም፤ 45 ቀን ሙሉ ወደብ ሳይነኩ ከቆዩ ግን ለነፍስ ወከፍ ሁለት ሊፈቀድ ይችላል። ሴቶችስ? «አይዘንሃወር» ሴቶችን እንደ ቋሚ ባልደረባ ይዛ ግዳጅ የወጣች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ተሸካሚ የሆነችው በ1994 ነው። የእኛ ትውልድ ሲወለድ ማለት ነው።

አደጋውም የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1967 በቬትናም ጦርነት ጊዜ «ፎረስታል» ላይ ከአንድ ጄት ሮኬት በስህተት ተተኮሰ፤ በተነሳው እሳትና ፍንዳታ 134 ሰዎች ሞቱ። በ2025ም ቀይ ባሕር ላይ «ትሩማን» ውስጥ እየተጎተተ የነበረ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ጄት ከነትራክተሩ ባሕር ገባ። ጎታቾቹ ዘለው አመለጡ።

አሁን ወደ ነጥባችን። ብረቱ ይህን ያህል ክብር ሲያገኝ ልጆቹ ምን ያገኛሉ?

«ጆርጅ ዋሽንግተን» ከ2017 ጀምሮ ቨርጂንያ ውስጥ ለትልቅ እድሳት ቆማ ነበር። አራት ዓመት የተባለው ስድስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች ግን እዚያው ጥገና ላይ ባለ መርከብ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ሌት ተቀን የብረት ጩኸት፣ የሚቋረጥ መብራት፣ የሚጠፋ ሙቅ ውኃ። ሁለት የኒውክሌር ማብላያ ያላት መርከብ ለልጆቿ ሙቅ ውኃ አጣች! በሚያዝያ 2022 በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት መርከበኞች ራሳቸውን አጠፉ። ባሕር ኃይሉ ባደረገው ምርመራ ሦስቱ ሞቶች እርስ በርስ አይያያዙም አለ፤ በ2023 ያወጣው ሁለተኛ ምርመራ ግን የኑሮው ሁኔታ የከፋ እንደነበር አመነ። ከሞቶቹ በኋላ ከ200 በላይ ልጆች ከመርከቧ ወጥተው ሌላ ማደሪያ ተሰጣቸው። ለካ ይቻል ነበር! ቀድሞ ለቅሬታ የመጣው የባሕር ኃይሉ ከፍተኛ የበታች ሹም ግን ቢያንስ እንደ እግረኛው ጉድጓድ ውስጥ አትተኙም ብሎ ነበር ያጽናናቸው። «ከዚህ የባሰ አለ» የምትለዋ መልስ የእኛ አገር ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

በ2020ስ? «ቴዎዶር ሩዝቬልት» ላይ ኮሮና ገባ። ካፒቴኑ ብሬት ክሮዚየር ልጆቼን አውጡልኝ የሚል ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤው ሾልኮ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ካፒቴኑም ተነሳ። ሲወርድ መርከበኞቹ ስሙን እየጠሩ በጭብጨባ ሸኙት። በኋላ ከ1,200 በላይ መርከበኞች መያዛቸው ታወቀ፤ አንዱም ሞተ።

በበጎም ምሳሌ አለ። «አይዘንሃወር» ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ዘጠኝ ወር ግዳጅ ላይ ስትቆይ፣ ከየመን ሚሳኤልና ድሮን ሲተኮስ፣ ካፒቴኗ ክሪስ ሂል ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በብዛት የሚለጥፈው የሚሳኤል ፎቶ አልነበረም፤ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ጽዳት ሠራተኛውን፣ የመርከቧን ውሻ ነበር። ብልጥ ፕሮፓጋንዳ ነው የሚል ይኖራል። ይሁን! ጋጋሪውን የሚያከብር ፕሮፓጋንዳ ከሆነ እኛ ተመችቶናል።

«ወታደር አይደለም እንዴ? ወዶ ነው የገባው» የሚሉን ወዳጆች አይጠፉም። ወዶ የገባ ሰው ጥይትን ተስማምቶ ይሆናል፤ የተደፈነ ሽንት ቤትንና የሚያዳምጠው አለቃ ማጣትን ግን አልፈረመም። ደግሞም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ወጣት ዜጋ ሳይሆንም የአሜሪካ ጦር ውስጥ መመዝገብ ይችላል፤ ዲቪ የደረሰው የሰፈር ልጅ ነገ ወይን ጠጅ ሸሚዝ ለብሶ ነዳጅ ሲሞላ ልናየው እንችላለን።

እኛም ብንሆን ባሕር ኃይል የነበረን አገር ነን። ዋናዋ መርከባችን «ኢትዮጵያ» ራሷ ከአሜሪካ የመጣች፣ ቀድሞ ባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች አገልግሎት ትሰጥ የነበረች ናት። በእኛ አቆጣጠር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ኃይሉን መልሶ የማቋቋም ነገር ተነስቷል፤ ስለ ባሕር በር የማያወራ ካፌም የለም። ይወራ። ግን ስለ መርከቧ ርዝመት ከማውራታችን በፊት ስለ አልጋዋ፣ ስለ ውኃዋ፣ ቅሬታ ያቀረበ ልጅ ምን እንደሚገጥመው እንጠይቅ። መርከብ በዶላር ይገዛል። ማንም ሳያየው ጎንበስ ብሎ ብሎኗን የሚያነሳ ልጅ ግን አይገዛም፤ የሚገኘው ሲከበር ብቻ ነው።