ድምር ሕመምተኛን አይጠብቅም

ከኦፕሬሽን ክፍል የወጣ ሕመምተኛ ከሪከቨሪ ወደ ዋርድ የሚሸኘው በነጥብ ነው። እንቅስቃሴ፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት፣ ንቃትና የኦክስጅን መጠን እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ይያዝላቸዋል፤ 9 ከሞላ «ይውጣ» ይባላል። አልድሬትና ክሩሊክ መመዘኛውን እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያወጡት በኦክስጅኑ ቦታ የቆዳ ቀለም ነበር፤ በ1995 ተለወጠ። በጠቆረ ቆዳ ላይ የኦክስጅን እጥረትን በዓይን መለየት ያስቸግራልና ለእኛ ትልቅ እርማት ነው። መመዘኛውን አከብራለሁ። የምቃወመው ድምሩን ብቻ አይቶ ሰው መሸኘትን ነው።

ድምር ይደብቃል። ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን መጠኑ ከ92 በመቶ በላይ የማይቆምለት ሰው በዚያ ረድፍ 1 ያገኛል፤ ሌላው ከተሟላለት 9 ሞላ። ከዚያ ቱቦው ተነቅሎ፣ ኦክስጅን ወደሌለበት ዋርድ በቃሬዛ ይገፋል። በኦፕሬሽን የወለደች እናት ግፊቷ ከ120 ወደ 85 ቢወርድም የሚቀነስባት 1 ነጥብ ብቻ ነው። እግሮቿን ካንቀሳቀሰች፣ ሙሉ በሙሉም ከነቃች፣ ሌላውም ከተሟላላት አልፋለች። ከአንሶላው ሥር ስንት ደም እንደፈሰሰ የሚጠይቅ ረድፍ የለም! ስለ ሕመሟም የለም፤ ስለ ማስመለሷም።

ሰዓቱም ያሳስታል። ሞርፊን በዝቶበት ትንፋሹ የደከመ ሰው ማርከሻው ናሎክሶን ሲሰጠው ወዲያው ይነቃል፤ ነጥቡም ያምራል። ማርከሻው ግን ከሞርፊኑ ቀድሞ ያልቃል። ሰውየው ዋርድ ገብቶ፣ አስታማሚው «እንቅልፍ ወሰደው፣ ይረፍ» ብሎ ብርድ ልብስ ሲያለብሰው ትንፋሹ ዳግም ሊደክም ይችላል።

አልጋ የለም፣ ቀጣዩ ሕመምተኛ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን አደጋው በዚህ አይቀርም፤ ሌሊቱን ብዙ አልጋ ለምትጠብቅ አንዲት ነርስ ይተላለፋል እንጂ። በትንፋሽ፣ በግፊት ወይም በኦክስጅን ረድፍ 2 ያላገኘ ሰው፣ ድምሩ ምንም ቢሆን፣ ሰመመን ሰጪው አልጋው ድረስ መጥቶ ሳያየው አይውጣ። ማርከሻ የወሰደ ሰው ሰዓቱ ተጽፎለት፣ የማርከሻው ጉልበት እስኪያልፍ በዓይን ሥር ይቆይ። የወለደች እናት ማህፀኗ ይዳሰስ፣ የፈሰሳት ደም ይታይ። ተረካቢዋ ነርስም ነጥቡ የጎደለው ከየትኛው ረድፍ እንደሆነ በቃልም በጽሑፍም ይነገራት።