የመጨረሻውን ዋጋ ንገሩን

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ባሕር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የሂሳብ መምህር ስለ መርከብ ሽርሽር ሊያወራ ነው። "አንተ ደግሞ ምን አገባህ?" የሚል አይጠፋም። ያገባኛል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ታዩታላችሁ።

ነገሩን ያመጣችው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። እናቷንና ሁለት ልጆቿን ይዛ ለአንድ ሳምንት በክሩዝ ወደ ካሪቢያን ልትሄድ አስባ የማስታወቂያውን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። መርከቡ ከኛ ከተማ ትልቁ ሕንጻ ይበልጣል፤ እሱን ተዉት። ዓይኔ ያረፈው ከዋጋው ሥር ባለችው አጭር መስመር ላይ ነው። ታክስ፣ ሌሎች ክፍያዎችና የወደብ ወጪ ተካቷል ትላለች። ይሄ ደግሞ ምኑ ይጻፋል ብዬ ጠየቅኳት። "አንተ የድሮውን አላየኸውማ!" አለችኝ።

የድሮው እንዲህ ነበር። ማስታወቂያው፣ እንበል፣ 499 ዶላር ይላል። ሰውየው ደስ ብሎት ይገባል። ቀኑን ይመርጣል፣ ክፍሉን ይመርጣል፣ የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ ይሞላል፣ ልጆቹ ከጀርባው ቆመው ይጨፍራሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ "ታክስና የወደብ ክፍያ" የሚል ሌላ ቁጥር ብቅ ይላል፤ መቶ ምናምን ዶላር፣ ያውም በነፍስ ወከፍ። እንግዲህ ዞር ብሎ ልጆቹን "ቀርቷል" ይበላቸው?

ክፍያው ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። መርከብ ወደብ ሲገባ ብዙ ሰው እጁን ይዘረጋል። አላስካ በትልልቅ መርከቦች ለሚመጣ መንገደኛ በሰው 34.50 ዶላር ታክስ አላት። ግሪክ ከ2025 ጀምሮ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ደሴቶች ላይ ከመርከብ ከሚወርድ እንግዳ በዋናው የቱሪስት ወቅት 20 ዩሮ ትቀበላለች። ሜክሲኮም በዚያው ዓመት በ5 ዶላር ጀምራለች። በዚህ ላይ መርከቡን መርቶ ወደብ የሚያስገባው ባለሙያ አለ፣ ጎታች ጀልባው አለ፣ የማቆሚያው ኪራይ አለ፣ ሻንጣ የሚያወርደው ሠራተኛ አለ። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹ ለመንግሥት የሚገቡ ናቸው። የኋለኞቹ የኩባንያው የራሱ የሥራ ወጪዎች ናቸው፣ ልክ እንደ ነዳጁና እንደ ወጥ ቤቱ። ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከትቶ ከዋጋው ውጭ ማንጠልጠል ላይ ነው ጨዋታው ያለው።

ከረጢቱ ደግሞ አፉ ሰፊ ነው። ማያሚ የክሩዝ ዋና ከተማ ስለሆነች ክርክሩም ፍሎሪዳ ውስጥ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1997 የፍሎሪዳ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከበርካታ የክሩዝ ኩባንያዎች ጋር አንድ ስምምነት ላይ ደረሰ፤ ከዋጋው ውጭ ለብቻው የሚጻፈው በትክክል ለመንግሥት የሚገባው ብቻ እንዲሆን። በ2000 ደግሞ ኮስታ በተባለው ኩባንያ ላይ የቀረበ ክስ የፍሎሪዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ያለው ባጭሩ፣ "የወደብ ክፍያ" ብለህ ተቀብለህ ከፊሉን ኪስህ ካስቀረህ ሸማቹን አታለሃል ነው። ተጓዡ ያንን ቃል ሲያነብ ገንዘቡ ቀጥታ ወደ ወደቡ የሚያልፍ ነው የሚመስለው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እፈልጋታለሁ።

እና በ2024 ምን ተፈጠረ? ካሊፎርኒያ ሕግ አወጣች። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የምታስተዋውቀው ዋጋ ደንበኛው የግድ የሚከፍለውን ክፍያ ሁሉ የያዘ ይሁን፣ መንግሥት የጣለውን ታክስና ክፍያ ግን ለብቻ መተው ይቻላል የሚል። ካርኒቫልንና ሮያል ካሪቢያንን የመሳሰሉት ትልልቆቹ ለአንድ ግዛት ብቻ ሌላ ዋጋ ከመጻፍ ታክሱንም ወደቡንም ደምረው ለመላው አሜሪካ ማሳየትን መረጡ። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ያየቻት መስመር የመጣችው ከዚያ ነው።

"ወደቡ ብዙ ነው፣ ታክሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በአንድ ቁጥር ማሳየት ይከብዳል" የሚለው ሰበብ በአንድ ቀን ጠፋ ማለት ነው። ድሮስ ቢሆን የመጨረሻው ገጽ የሚያውቀውን ቁጥር የመጀመሪያው ገጽ እንዴት አያውቀውም?

ለምንድነው ታዲያ ሻጮች በፈቃዳቸው የማያደርጉት? ስለሚያዋጣቸው ነዋ። ስተብሃብ የሚባል አሜሪካዊ የትኬት መሸጫ በ2014 ራሱ ተነሳስቶ ሙሉ ዋጋ ማሳየት ጀምሮ ነበር። ሌሎቹ ግን ትንሿን ቁጥር ከፊት እያስቀመጡ ቀጠሉ፣ ገዢውም ወደነሱ ሄደ። በዓመቱ ተወው። ከዚያ ተመራማሪዎች በሚሊዮን በሚቆጠሩ ተጠቃሚዎቹ ላይ የተደረገ ሙከራ አጠኑ። ክፍያው መጨረሻ ላይ ብቻ የተገለጠላቸው ሰዎች ከመጀመሪያው ካዩት ይልቅ 20 በመቶ ገደማ አብልጠው አወጡ። አያችሁ ጉዱን? እውነቱን ቀድሞ የተናገረው ከሰረ፣ የደበቀው አተረፈ። ስለዚህ የአንድ ነጋዴ ጨዋነት ብቻውን አይበቃም፤ ሁሉንም በአንድ ቀን የሚያስገድድ ደንብ ያስፈልጋል። የአሜሪካ አየር መንገዶች በ2012 እንዲህ ተገደዋል፤ የትኬት ማስታወቂያ ታክሱን ጨምሮ እንዲሆን። ስፒሪት፣ አሌጂያንትና ሳውዝዌስት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩ፣ በዚያው ዓመት ተረቱ። ከዚያ በኋላም ትኬት መሸጣቸውን ቀጠሉ።

ክሩዞቹን ግን ቅዱስ አድርጌ አልስላቸውም። አሁንም ከዋጋው ውጭ የቀረ ነገር አለ፤ ጉርሻ። በብዙዎቹ መርከቦች በሰው በቀን 16 ዶላርና ከዚያ በላይ በራሱ ጊዜ ሂሳብህ ላይ ይጻፋል። የአክስቴ ልጅ አራት ነፍስ ናቸው፣ ሰባት ሌሊት። 4 በ7 በ16 ምቱት፤ 448 ዶላር! ከዋጋው ውጭ የቀረው ተጓዡ "ይሰረዝልኝ" ማለት ስለሚችል ነው። በወረቀት እውነት ነው። ግን አልጋህን ያነጠፈልህን ልጅ ጉርሻ ለማስቀነስ ተሰልፎ የሚቆም ማነው? ቢራና ዋይፋይ ለብቻ ቢሆን ቅር አይለኝም፤ የማይፈልግ አይገዛም። እምቢ ማለት የማትችለው፣ ወይም እምቢ ለማለት የምታፍርበት ክፍያ ግን ቦታው ዋጋው ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ሀገር ቤት እንግባ፣ ያገባኛል ያልኩት እዚህ ስለሆነ።

እኛ መርከብ ባይኖረን "ፕላስ ፕላስ" አለን። ሆቴል ገብታችሁ ሜኑው 400 ብር ያለው ምግብ ሂሳቡ ሲመጣ 506 ብር ነው። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመርና 440 ይሆናል፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት። ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው "25 በመቶ ነው የተጨመረው" ይሉኛል። አይደለም፤ 26.5 ነው፣ ቫቱ ሰርቪስ ቻርጁም ላይ ስለሚታሰብ። (ይቺን ፈተና ላይ አመጣታለሁ፣ እዚህ ያነበበ ተማሪ ካለ ተጠቀመ።)

ባለፈው ዓመት አንድ ሆቴል ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህራችንን ሸኘን። ጋሼን ጨምሮ 13 ነን። ሜኑውን ቀድመን አስመጥተን አሰላን፤ ምግብ 400፣ ለስላሳ 60፣ በአጠቃላይ 5,980 ብር። 12 ሰው 500 500 አዋጣን፣ 6,000 ሞላ። 20 ብር ተረፈ ብለን ተሳሳቅን። ሂሳቡ 7,564 ብር ከ70 ሳንቲም ሆኖ መጣ። በሜኑው የመጨረሻ ገጽ ታች ላይ ጉንዳን በሚያክል ፊደል ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አይጨምርም ይላል ለካ። ወሩ 26 ነው፤ መምህር በ26 ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። ሁላችንም ኪሳችንን ስንዳብስ ጋሼ ቀስ ብለው ቦርሳቸውን አወጡ። የሚሸኙት ሰውዬ! "ኧረ ጋሼ ይተዉ!" ብለን ተረባርበን አስቆምናቸው፣ አንዱ ሮጦ ኤቲኤም ሄደ። ምግቡ ጥሩ ነበር፣ አስተናጋጆቹም ደጎች ነበሩ። ያ ደቂቃ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

"ቫት የመንግሥት ነው፣ የኛ ስላልሆነ ዋጋችን ውስጥ አንጽፈውም" የሚሉ ባለሆቴሎች አሉ። ወንድሜ፣ ለማን እንደሚሄድማ ደረሰኙ ላይ ዘርዝርልኝ፣ ደስ ይለኛል። ወንበሩ ላይ ከመቀመጤ በፊት ማወቅ የምፈልገው ግን ከኪሴ የሚወጣውን ነው። ደግሞስ ሰርቪስ ቻርጅስ? እሱ ታክስ አይደለም፣ ቤቱ ራሱ የጨመረው ነው። እኛ የምንከፍለው የአስተናጋጁ ነው ብለን ነው። ያስተማርኩት አንድ ልጅ አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራል፣ ቤቱን አልጠራም፤ "ቲቸር፣ እኛ እኮ እሷን ብር አይተናት አናውቅም" አለኝ። ያዙልኝ ያልኳችሁ የፍሎሪዳ ነጥብ እዚህ ጋ ነው የምትገባው። በወደብ ስም ተሰብስቦ ወደቡ ያልደረሰ ገንዘብ ማታለል ከተባለ፣ በአስተናጋጅ ስም ተሰብስቦ አስተናጋጁ ያላየው ምን ይባላል?

ከሆቴሉ ማዶ ደግሞ ግድግዳው ላይ "420 ብር" ብላ የጻፈች ምግብ ቤት አለች። ስትከፍሉ 420 ነው፣ አለቀ። ለአላፊ አግዳሚው ግን 400 የሚለው ሆቴል ከሷ የረከሰ ይመስላል። እንደ ስተብሃብ እሷም ለእውነቷ ትቀጣለች።

መቼም ነጋዴው በባሕሪው እንዲህ ነው እንዳንል፣ መርካቶ እንኳ ሰዓት ሙሉ ተከራክራችሁ "የመጨረሻውን ንገረኝ" ስትሉት የሚነግራችሁ የመጨረሻው ነው። ሸራ ወጥሮ የሚሸጠው ልጅ የሚችለውን ባለ አራት ኮከቡ እንዴት ያቅተዋል?

ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ካሊፎርኒያም ምግብ ቤቶች ላይ ሲደርስ ጉልበቷ ከድቷታል። ሕጉ ሊጀምር ቀናት ሲቀሩት ምግብ ቤቶች ተጯጩኸው ተለዩ፤ ክፍያውን ሜኑው ላይ በግልጽ እስከጻፉ ድረስ ለብቻ መጨመር ተፈቀደላቸው። መከራከሪያቸው ሙሉው ዋጋ ከተጻፈ ደንበኛ ይሸሻል የሚል ነበር። እንግዲህ ደንበኛው አይቶት የሚሸሸውን ዋጋ ሳያየው ይክፈል ማለት ነው? እኔ አልተዋጠልኝም።

የኛ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል። የጎደለው ቆጣሪ ነው። የንግድ ቢሮ ሰዎች ፈቃድ ለማደስ ሲሄዱ ሜኑውን አንስተው አንድ ምግብ ይምረጡ፣ የዚያኑ ምግብ ደረሰኝ ይጠይቁ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካልገጠመ ሜኑው እንደገና ይታተም። ክሩዞቹ ስንት ወደብና ስንት ሀገር ደምረው በአንድ ቁጥር ማሳየት ከቻሉ፣ ክትፎና አምቦ ውሃ መደመር አይከብድም።

እስከዚያው ግን ወንበር ከመሳባችሁ በፊት "ከነቫቱ፣ ከነሰርቪሱ ነው?" ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ጠይቁ፤ ጎን ያለው ጠረጴዛም ይስማ። እናንተ ከተማ ሜኑው ላይ የጻፈውን ብቻ የሚያስከፍል ቤት ካለ ስሙን ኮመንት ላይ ጣሉልኝ። ከእኛ ሰፈር ቢሆን ደግሞ የተሻለ፤ ሰኔ ላይ ሌላ የምንሸኛቸው መምህር አሉን።